ሌብል ውል ልኮልኛል፣ ገንዘቡ በየት በየት ነው የሚሄደው?

ዜማ_ጀማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ግጥምና ዜማ ራሴ እሰራለሁ፣ አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ያቀናብራል። ሁለት ዘፈን ለቀን ነበር፣ አንዱ ሳናስበው ብዙ ሰው ጋር ደረሰ። አሁን አንድ የሙዚቃ ኩባንያ ውል ልኮልኛል። ቀብድ ይሰጣሉ፣ የስቱዲዮ ወጪውን ይችላሉ፣ ማስታወቂያውን እነሱ ይሰራሉ። በምላሹ ማስተሩ (የተቀዳው ዋና ድምጽ) ለዘላለም የእነሱ ይሆናል፣ ለእኔ ከገቢው 18 በመቶ ይደርሰኛል፣ ከመጀመሪያው አልበም በኋላም እነሱ ከፈለጉ ሦስት አልበም የማስቀጠል መብት አላቸው። ቤተሰቦቼ ፈርሚ፣ ዕድል በር ላይ ቆማ አትጠብቅም ይላሉ። አቀናባሪው ጓደኛዬ ዝም ብሏል፣ እሱ ዝም ሲል ደግሞ ነገር አለ። እስኪ ዘርፉን ከውስጥ የምታውቁት ንገሩኝ። 18 በመቶው ከምን ላይ ነው የሚቆረጠው? ቀብዱ የኔ ነው ወይስ ዕዳ ነው? ዘፈኑስ የማን ነው?

ውል_አንባቢ

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚቆመው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አንድ ዘፈን በሕግ ፊት ሁለት ንብረት ነው። አንደኛው ድርሰቱ ነው፣ ግጥሙና ዜማው። ሁለተኛው ቅጂው ነው፣ ስቱዲዮ የተቀዳው ድምጽ፣ ማስተር የምንለው። ባለቤታቸው ሊለያይ ይችላል። ገንዘባቸውም በተለያየ በር ነው የሚገባው። ነገ ሌላ ዘፋኝ ያንቺን ዘፈን እንደገና ቢዘፍነው ለድርሰቱ ይከፈላል፣ ማስተሩ ግን ምንም አያገኝም። ፊልም የሚሰራ ሰው ያንቺን ድምጽ ራሱን ከፈለገ ደግሞ ሁለቱንም ባለቤቶች ማስፈቀድ አለበት።

ማይክል ጃክሰን በ1985 ኤቲቪ የሚባለውን የድርሰት ካታሎግ በ47.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። አብዛኞቹ የቢትልስ ዘፈኖች እዚያ ውስጥ ነበሩ። ፖል ማካርትኒ በወጣትነቱ የጻፋቸው ዘፈኖች መብት በሌላ ዘፋኝ እጅ ገባ ማለት ነው። ማስተሮቹ ደግሞ ሌላ ኩባንያ ጋር ነበሩ። የቴይለር ስዊፍት ታሪክ የዚህ ግልባጭ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አልበሞቿ ማስተር በ2019 እሷ ሳትፈልግ ተሸጠ። ዘፈኖቹን የጻፈችው እሷ ስለነበረች ግን ከ2021 ጀምሮ አራቱን አልበሞች እንደ አዲስ ቀድታ አወጣች፣ በሜይ 2025 ደግሞ የድሮዎቹን ማስተሮች ራሷ ገዛቻቸው። ድርሰቱ በእጇ ባይሆን ኖሮ ይሄ መንገድ በጣም ይከብዳት ነበር።

ስለዚህ ዛሬውኑ ውሉን ክፈቺና ድርሰት፣ ግጥምና ዜማ፣ ወይም ፐብሊሺንግ የሚል ቃል ያለበትን አንቀጽ ሁሉ ፈልጊ። ማስተር ብቻ ነው የሚጠይቁት ብለሽ አስበሽ ከሆነ አረጋግጠሽ እወቂው።

አሁን ቀብዱ። ቀብድ በአብዛኛው ተመላሽ አይጠየቅም፣ አልበሙ ባይሸጥ ከኪስሽ አትከፍዪም። ግን ካንቺ ድርሻ ይቆረጣል። ምሳሌ ልስራ፣ ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል ነው ያወጣኋቸው። ቀብዱ 100 ሺህ ዶላር ነው እንበል፣ የስቱዲዮ ወጪም ከዚሁ ይወጣል። 60 ሺው ስቱዲዮ ገባ። ከቀረው 40 ሺህ ማናጀር 15 በመቶ ይወስዳል፣ 34 ሺህ ቀረሽ። የሙዚቃ ቪዲዮ በ40 ሺህ ተሰራ፣ ግማሹ ባንቺ ስም ተጻፈ። ዕዳሽ 120 ሺህ ደረሰ። አልበሙ ጥሩ ሄደና 400 ሺህ አስገባ። 18 በመቶሽ 72 ሺህ ነው። ያ 72 ሺህ እጅሽ አይገባም፣ ዕዳው ላይ ነው የሚቀነሰው። ገና 48 ሺህ ይቀርሻል። በዚያው ጊዜ ኩባንያው 400 ሺህ ተቀብሎ 140 ሺህ ነው ያወጣው። ማስታወቂያና ደሞዝ ይቀነስለት፣ እሺ፣ ግን ሂሳቡ የማን እንደሚዘጋ የማን እንደማይዘጋ ይታይሻል። በሦስቱ ተጨማሪ አልበሞች ላይ ደግሞ ዕዳው አብሮ የሚዞር ከሆነ ሁለተኛው አልበም የመጀመሪያውን ዕዳ ሲከፍል ይከርማል።

ቲኤልሲ የሚባሉት ሦስት አሜሪካውያን ዘፋኝ ሴቶች በ1995 የኪሳራ ማመልከቻ ሲያስገቡ አልበማቸው በሚሊዮኖች እየተሸጠ ነበር። ሰው አላመነም። ውላቸውን ያየ ግን አይገርመውም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፦ ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላም ማስተሩ የእነሱ ሆኖ ይቀራል። ለቤት ተበድረሽ፣ ብድሩን ከፍለሽ ጨርሰሽ፣ ቤቱ የአበዳሪው ሲሆን ማለት ነው።

ከሌብል_ወገን

ውል_አንባቢ የጻፈው ትክክል ነው፣ ግን ግማሹ ነው። እኔ ኩባንያ ውስጥ ሰርቻለሁ። የምንለቃቸው አልበሞች አብዛኞቹ ወጪያቸውን አይመልሱም። የሚያተርፉት ጥቂቶቹ ናቸው የሌሎቹን ኪሳራ የሚሸፍኑት። ምሳሌው ላይ አልበሙ 400 ሺህ አስገባ ተባለ፣ 30 ሺህ ቢያስገባስ? ዘፋኟ ቀብዷን ይዛ ትሄዳለች፣ ጉድለቱን ኩባንያው ይውጣል። ይሄ እውነተኛ አደጋ ነው፣ ለአደጋው ደግሞ ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሌላው፣ ገንዘብ ብቻ አይደለም የምንሰጠው። የፕሌይሊስት አዘጋጅ የሚያውቅ፣ ጋዜጠኛ የሚያውቅ፣ በአሥር አገር በአንድ ቀን ማስለቀቅ የሚችል፣ ማስታወቂያው ካልሰራ በሳምንቱ አቅጣጫ የሚቀይር ቡድን ነው። ይሄን ብቻሽን መገንባት ዓመታት ይፈጃል።

ለዘላለም የሚለውን ግን እኔም አልወደውም። ዛሬ ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ሳይቀሩ ማስተሩን ለተወሰነ ዓመት ብቻ የሚከራዩበት ውል ይዋዋላሉ። አንድ ዘፈንሽ ራሱን ችሎ ሄዷል፣ እነሱ ናቸው የፈለጉሽ። ጠይቂ። ኩባንያ የመጀመሪያውን ረቂቅ የሚልከው ተከራካሪ ይመጣል ብሎ ነው።

ከሚክሰሩ_ጀርባ

እኔ ያ ዝም ያለው አቀናባሪ አሳስቦኛል።

ስቱዲዮ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተቀምጫለሁ፣ ወዳጅነት ሲፈርስ ያየሁት በአብዛኛው በአንድ ምክንያት ነው፦ ዘፈኑ ሲሰራ ድርሻ አልተነገረም። ሲሰራ ሁሉም ደስ ብሎታል፣ ሌሊት ነው፣ ድርሻ የሚል ቃል ማንሳት ስግብግብ ያስመስላል። ዘፈኑ ሲነሳ እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ በልቡ ሲደምር ይከርማል፣ ድምሩ ደግሞ ሁሌም ከመቶ ያልፋል። እህቴ፣ አሁኑኑ ቁጭ በሉና አንድ ገጽ ጻፉ። የዘፈኑ ስም፣ ግጥም የማን ስንት በመቶ፣ ዜማ የማን ስንት፣ ቀኑ፣ ፊርማ። ያ ገጽ ከሌብሉ ውል በፊት መኖር አለበት፣ ምክንያቱም የሱን ድርሻ አሳልፈሽ መፈረም አትችዪም። ጠበቃቸው መጀመሪያ የሚጠይቅሽም እሱን ነው።

እዚህ ጋ ክርክር የሚነሳው ቅንብር ላይ ነው። ከበሮውንና ኪቦርዱን የሰራ ሰው ድርሰቱ ላይ ድርሻ አለው ወይ? ዜማው አልቆ መጥቶ እሱ ካለበሰው አንድ ነገር ነው። ዘፈኑን ሰው የያዘው ግን እሱ በፈጠረው መግቢያ ከሆነ ድርሻ መጠየቁ አግባብ ነው። ብዙ ጊዜ ፕሮዲውሰር፣ እንደ ጓደኛሽ ያለ አቀናባሪ፣ የስራ ክፍያ ይቀበላል፣ በተጨማሪም ከማስተሩ ገቢ ከ3 እስከ 5 በመቶ። ልብ በይ፣ ይሄ ካንቺ 18 ላይ ነው የሚወጣው፣ ከኩባንያው 82 ላይ አይደለም። ለሱ 4 ከተሰጠ አንቺ 14 ላይ ነሽ። ውል_አንባቢ ሂሳቡ ውስጥ ይሄን አላስገባውም።

የስቱዲዮ ባለሙያው ስቲቭ አልቢኒ ግን ከሚቀዳቸው ባንዶች ሮያሊቲ፣ ማለትም ከገቢው በየጊዜው የሚቆረጥ ድርሻ፣ አልወስድም ይል ነበር። ለሮክ ባንዱ ኒርቫና በ1993 ሲቀዳም የስራ ክፍያውን ብቻ ነው የተቀበለው። ብዙ ገንዘብ ትቶ ማለት ነው። ባንዱ ለጻፈው ዘፈን እኔ ዕድሜ ልክ ልከፈል አይገባም ብሎ ያምን ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም፣ ግን ሰውየውን አከብረዋለሁ፣ አቋሙን ቀድሞ በግልጽ ነበር የሚናገረው።

ሁለት የቴክኒክ ነገር ልጨምርና ልተው። የእያንዳንዱን መሣሪያ ፋይል ለየብቻ ዋቭ በሚባለው የድምጽ ፋይል ዓይነት አስቀምጪ፣ ሁለት ቦታ። አንድ ቀን ያለ ድምጽ ስሪት ለማስታወቂያ ሲጠየቅ ፋይሉ የሌለው ሰው ስራውን ያጣል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ቅጂ አይኤስአርሲ የሚባል 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለው። በማን ስም እንደተመዘገበ እወቂ። ድርሻሽ አንቺን የሚያገኝሽ በሱ ነው።

ባለቤዙ

ከሚክሰሩ_ጀርባ ያለውን አጸናለሁ፣ ግን ከአጃቢው ወንበር ልናገር።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ዘፈን ቤዝ ተጫውቻለሁ። ገብተህ ትጫወታለህ፣ ይከፈልሃል፣ ትወጣለህ። ብዙው ጊዜ ይሄ ፍትሐዊ ነው፣ ቅሬታ የለኝም። ዘፈኑ ቢከስርም ባይከስርም እኔ ተከፍዬበታለሁ። ችግር የሚመጣው ተከፋዩ ከተጠራበት ስራ በላይ ሲሰጥ ነው።

ዘፋኟ ክሌር ቶሪ በ1973 ለእንግሊዙ ሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ ስቱዲዮ ገብታ ያለ ግጥም በድምጿ ብቻ አንድ ሙሉ ዘፈን ተሸከመች። የተከፈላት 30 ፓውንድ ነበር። አልበሙ በዓለም በጣም ከተሸጡት አንዱ ሆነ። ዜማውን በድምጿ የፈጠረችው እሷ ናት፣ ሰምቶ የሚክድ የለም። በ2004 ከሰሰች፣ በ2005 ተስማሙ፣ ከዚያ በኋላ ስሟ ከደራሲው ጎን ተጻፈ። ሠላሳ ዓመት ነው ያለፈው!

የጄምስ ብራውን ከበሮ መቺ ክላይድ ስታብልፊልድ ደግሞ ይህን እንኳ አላገኘም። በ1969 የመታት አጭር ምት በመቶዎች የራፕ ዘፈኖች ውስጥ ተቆርጣ ገብታለች። ምቷ የሱ ናት፣ እጁ ናት። ግን በወረቀት ላይ ደራሲም የማስተር ባለቤትም አልነበረም። በ2017 ሲያርፍ ያን ሁሉ ያስጨፈረው ምት ለሱ ያመጣለት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ይሄን ሳስብ ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ ልጄ፣ ባንድሽ ውስጥ የሚጫወቱትን ሰዎች አትርሺ። ክፈያቸው፣ ስማቸውን አጽፊ፣ አንዱ ዜማ ከፈጠረ ድርሻ ስጪው። ብዙ አገር ውስጥ ተዛማጅ መብት የሚባል አለ፣ ቅጂው በሬዲዮ ሲተላለፍ ለተጫዋቹም ይከፈላል። ስሙ ካልተመዘገበ ግን ማን ይፈልገዋል? አሜሪካ ውስጥ እኮ ተራው ሬዲዮ እስካሁን ለድርሰቱ ብቻ ነው የሚከፍለው፣ ለዘፋኙም ለተጫዋቹም ሳንቲም የለም። የኢንተርኔት ሬዲዮ ሲሆን ግን ይከፍላል፣ ከዚያም 5 በመቶው ለአጃቢዎች የተመደበ ነው።

ፈጣን_ብር

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ዘፈኑን በአንዴ ሽጠሽ ገንዘቡን ያዢ። ነገ ማን ያስታውሰዋል። ሮያሊቲ እየተባለ የሚጠበቀው ስንቱን አስረጅቷል።

ውል_አንባቢ

@ፈጣን_ብር ሰለሞን ሊንዳን ታውቀዋለህ? ደቡብ አፍሪካዊ ነው። በ1939 ጆሃንስበርግ ውስጥ ከቡድኑ ጋር አንድ ዘፈን ቀዳ፣ መጨረሻው ላይ ራሱ በቅጽበት ያፈለቃት ዜማ አለች። መብቱን በ10 ሽልንግ አስረከበ። ያቺ ዜማ ስለተኛው አንበሳ የሚዘፈነው ሆና ዓለምን ዞረች፣ የማያውቃት ልጅ የለም። ሊንዳ በ1962 በድህነት ሞተ። ልጆቹ ካሳ የተስማሙት በ2006 ነው። ማን ያስታውሰዋል የሚለውን ስሌት ሻጩ ሲሳሳት ገዢው ነው የሚበላው።

አንዳንዴ መሸጥ ልክ ነው። ቦብ ዲላን በ2020 የድርሰት ካታሎጉን ለሙዚቃ ኩባንያው ዩኒቨርሳል ሸጧል፣ ግን ስድሳ ዓመት ገቢው ታይቶ፣ ዋጋው በሱ ልክ ተቆርጦ ነው። ገና አንድ ዘፈን ያላት ልጅ ዋጋዋን በምን ታውቃለች?

ራሷን_የቻለች

እኔ ያለ ሌብል ነው የምሰራው፣ የምጽፈው ግን ነጻነትን ለመስበክ አይደለም፣ ሂሳቡን ለማሳየት ነው።

ስለ ስትሪሚንግ፣ በኢንተርኔት ስለሚደመጠው ሙዚቃ፣ የሚወራው አብዛኛው ስህተት ነው። ሰው "አንድ ጊዜ ሲደመጥ ስንት ይከፍላል" ይላል። የተቆረጠ ዋጋ የለም። ስፖቲፋይን ብንወስድ ከገቢው ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ለባለመብቶች ይሄዳል፣ የሚከፋፈለው ግን ከጠቅላላው መደመጥ ውስጥ ያንቺ ስንት እጅ ነው በሚል ነው። በአንድ ገበያ የሰው መደመጥ በጨመረ ቁጥር፣ ገቢው አብሮ ካልጨመረ፣ ያንቺ እያንዳንዱ መደመጥ ዋጋው ይወርዳል። ያንቺ አድማጭ የከፈለው ወርሃዊ ክፍያ እሱ ሰምቶት ለማያውቅ ታዋቂ ዘፋኝ ሊሄድ ይችላል። ለኔ ይሄ አሰራር ትክክል አይደለም። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ቅጂ ምንም አይከፈለውም። መደመጥ የሚባለውም 30 ሰከንድ ካለፈ ነው፣ ረጅም መግቢያ እየጠፋ የመጣው አንዱ በዚህ ነው።

ገንዘብ ጠፍቷል ማለት ግን አይደለም። በ2024 የዓለም የተቀዳ ሙዚቃ ገቢ 29.6 ቢሊዮን ዶላር ነበር፣ 69 በመቶው ከስትሪሚንግ። ጥያቄው በየትኛው ቧንቧ እንደሚያልፍ ነው። የቅጂው ገንዘብ ዘፈንሽን ወደ ስትሪሚንግ በሚያደርሰው አከፋፋይሽ በኩል ይመጣል። የድርሰቱ ግን በዚያ በኩል አይመጣም! ለብቻው የደራሲዎችን ክፍያ በሚሰበስብ ማኅበር ወይም በፐብሊሸር፣ የድርሰት መብት በሚያስተዳድር ኩባንያ፣ በኩል ነው። ስንት ጎበዝ ልጅ አከፋፋይ ላይ ዘፈኑን ጭኖ ድርሰቱን የትም ሳያስመዘግብ ይኖራል። የሱ ገንዘብ ባለቤት ያልተገኘለት ተብሎ ይቀመጥና ከጊዜ በኋላ ለሌሎች ይከፋፈላል። ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ የምትወስጂ ከሆነ ይሄን ውሰጂ፣ ዘፈኖችሽን ዛሬ አስመዝግቢ።

መድረክ ላይ ደግሞ ክፍያው ትልቅ ይመስላል። ወኪል 10 በመቶ፣ ማናጀር ከ15 እስከ 20፣ ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ላይ፣ ወጪ ሳይቀነስ። ከዚያ ተጫዋቾች፣ ድምጽ ባለሙያ፣ ጉዞ፣ ማደሪያ። ሸሚዝና ሲዲ ስትሸጪ አንዳንድ አዳራሽ ከሱም ይቆርጣል። የመጀመሪያ ጉዞዎች ትርፍ ሳይሆን አድማጭ ነው የሚያመጡት። እኔን ያቆመኝ በቀጥታ የሚገዛኝ ጥቂት ታማኝ ሰው ነው። ሙዚቀኛው ለአድማጩ በቀጥታ በሚሸጥበት ድረ ገጽ ባንድካምፕ ላይ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ነው የሚወስዱት፣ ቀሪው ከክፍያ ማስተላለፊያው በኋላ የኔ ነው። አንድ አልበም ራሱ የሚገዛ ሰው በስትሪሚንግ ከሚሰማኝ ስንትና ስንት ሰው ይበልጣል።

ኪሳራውም ይነገር። ግማሽ ቀኔ በኢሜይል ያልቃል። ቪዲዮ እቆርጣለሁ፣ ፖስተር እሰራለሁ፣ ደረሰኝ እደረድራለሁ። ዜማ የምሰራበት ሰዓት ከዚያ የተረፈው ነው። ሌብል የሚገዛልሽ ትልቁ ነገር ምናልባት ይሄ ሰዓት ነው።

ከሌብል_ወገን

@ራሷን_የቻለች የመጨረሻው አንቀጽሽን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ሌብል መፈረም ማለት መቆየት ማለት አይደለም። አሜሪካዊቷን ዘፋኝ ቻፔል ሮንን በ2020 ኩባንያዋ ለቀቃት። በፌብሩዋሪ 2025 ግራሚ ስትቀበል መድረኩ ላይ ያነሳችው ይሄንኑ ነበር፣ ኩባንያዎች ለጀማሪ ሙዚቀኞች የሚያኖር ደሞዝና የጤና ዋስትና ይስጡ ብላ። ልጅ ሆና ፈርማ ሲለቋት ሌላ የስራ ልምድ አልነበራትም። ውልሽ ላይ ኩባንያው ቢተውሽ ማስተሩ ምን እንደሚሆን ጠይቂ። የተቀዳ ግን ያልወጣ አልበም መደርደሪያ ላይ ታስሮ የቀረባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ዜማ_ጀማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሽ ባለቤዙ፣ የክሌርን ታሪክ ለጓደኛዬ አነበብኩለት፣ ያኔ ነው የተናገረው። ዝም ያለው ለዚህ ነበር፣ የመጀመሪያው ዘፈን መግቢያ የሱ ነው፣ ውሉ ላይ ግን ስሙ የለም። አንድ ገጽ ጻፍን። ግጥም ሙሉ በሙሉ የኔ፣ ዜማ 70 ለ30። ሁለታችንም ፈረምን፣ ዘፈኖቹንም በሁለታችን ስም ለማስመዝገብ ቅጹን ጀምረናል።

ውሉን ደግሞ ፈትሼ ያልጠበቅኩትን አገኘሁ። መጨረሻ አካባቢ ያለ አንድ አንቀጽ ከድርሰቱ ገቢም ግማሹን ለኩባንያው ይሰጣል። በኢሜይላቸው ላይ አንድም ቃል አልተነሳም። ጠበቃ ይዤ ልመልስላቸው ነው። የምጠይቀው ድርሰቱ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ፣ ማስተሩ በዘላለም ፈንታ ለአሥር ዓመት እንዲሆን፣ ተጨማሪው አልበም ከሦስት ወደ አንድ እንዲወርድ ነው። ሌላ የረሳሁት አለ?

ውል_አንባቢ

አሥር ዓመቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር አጽፊ። ከፊርማው ነው፣ ከመልቀቂያው ነው፣ ወይስ ዕዳው ከተከፈለ በኋላ? የመጨረሻውን ካሉ አሥሩ ዓመት ማለቂያ የለውም።

ሦስት ነገር ጨምሪ። በተወሰነ ወር ውስጥ ካልለቀቁት ማስተሩ ወዳንቺ እንዲመለስ። በዓመት አንድ ጊዜ ሂሳባቸውን በባለሙያ የማስመርመር መብት እንዲኖርሽ። እንደገና የመቅዳት ክልከላው ደግሞ በዓመት ይወሰን፣ ከቴይለር ስዊፍት በኋላ ይሄን አንቀጽ ማስረዘም ይወዳሉ። 18 በመቶው ላይም "የተጣራ ገቢ" የሚለውን ቃል ትርጉም ክፍል ውስጥ ፈልጊና ምን ምን እንደሚቀነስበት በዝርዝር ይጻፍ በዪ። ጠበቃሽ በሙዚቃ ውል የሰራ ይሁን፣ ከኩባንያውም ጋር ሌላ ስራ የሌለው።

ባለቤዙ

ከአሥር ዓመት በታች የሚሄዱም አሉ፣ በሰባት ጀምሪና እነሱ ወደ አሥር ይጎትቱሽ። ደግሞ ያን 70 ለ30 ከመድረክ ገቢ ጋር እንዳታምታቱት፣ የመድረኩን ለብቻ ጻፉት።